ሐጂ ቡሽራ ወለል ሲመርጡ

ነገሩ ስለ ቤት ወለል ቢሆንም በአላህ ስም እንጀምረው። በእግራችን የምንረግጠውም የእሱ ጸጋ ነውና። በመልክተኛው፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ሰላትና ሰላም ይውረድ።

ስሟን ብጠራት ሰዎቿ የሚቀየሙኝ አንዲት አሮጌ ከተማ አለች። ግንቧ ከፊሉ ፈርሷል። መስጊዶቿ ከመጠጋጋታቸው የተነሳ የአንዱ አዛን ሳያልቅ የሌላው ይጀምራል። መንገዶቿ ጠባብ ናቸው፤ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ፊት ለፊት ቢገናኙ አንዱ ለአንዱ ሳይለቅ ማለፍ አይችሉም። ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል፣ በዚያች ከተማ ሽማግሌ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ከሽማግሌዎቹም ሁሉ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ሐጂ ቡሽራ ነበሩ።

ሐጂ ቡሽራ ዕድሜያቸውን በጨርቅ ንግድ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ጣቃውን ወደ ብርሃን አውጥተው፣ ክሩ የሳሳበትን ቦታ በጣታቸው ሳያሳዩ ለደንበኛ ቆርጠው አያውቁም። ገዢው "ይተዉት ሐጂ፣ እኔ እኮ አላየሁትም" ሲላቸው፣ "እኔ አይቼዋለሁ" ነበር መልሳቸው። ሱቁን ከዘጉ በኋላ ሳሎናቸው የዕርቅ ቤት ሆነ። የተኳረፉ ባልና ሚስት፣ ውርስ የተናጠቁ ወንድማማቾች፣ በአጥር የተካሰሱ ጎረቤቶች ይመጣሉ። እሳቸው ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ይናገራሉ፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ሐጂ ሲፈርዱ ሲያመነቱ አየሁ የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

እንግዲህ በስተርጅና ወለል መምረጥ አቅቷቸው የከተማ መነጋገሪያ የሆኑት እኚህ ሰው ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ባለቤታቸው ሐጃ ሩቅያ የወደቁ ዕለት ነው። ከሱብሂ ሰላት በኋላ ከመኝታ ቤት ወጥተው በመተላለፊያው ሲሄዱ ተንሸራተቱና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪም ቤት ገቡ፣ ብረት ተደረገላቸው፣ ሲወጡም ለሐኪም ቤቱ ይቀርባል ተብሎ ልጃቸው ፈትያ ቤት አረፉ። ቀን ቀንን ሲወልድ በምርኩዝ መቆም ጀመሩ። ወደ ቤታቸው የመመለሳቸው ነገር ሲነሳ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

"ወለሉ ሳይቀየር እዚያ ቤት አልገባም" አሉ። ምክንያት የሚጠይቃቸው አልነበረም። ወለሉ አይደል የሰበራቸው?

ወለሉ ሊሾ ነው፤ ሲሚንቶው በብረት እየታሸ ፊት እስኪያሳይ የለሰለሰ። የሠራው ግንበኛው አወል ነው። በከተማው ሊሾ የሚሠራ ሞልቷል፣ እንደ አወል የሚያለሰልስ ግን የለም ይባል ነበር። ሐጃ የወደቁ ሰሞን ያው ሙገሳ ተገልብጦ ክስ ሆነ። "አለስልሶ አለስልሶ ሐጃን ሰበራቸው" ተባለ። ለአዲስ ቤታቸው ከእሱ ጋር ተስማምተው የነበሩ ሰዎችም "ትንሽ እንቆይ" እያሉ ቀሩ።

አወል ሐጃን ሊጠይቅ ፈትያ ቤት መጣ። ሐጂ ቡሽራ ከሌሎች ጠያቂዎች ጋር ተቀምጠው ነበር። አወል "አላህ ያሽርዎት" ካለ በኋላ ወደ ሐጂ ዞሮ በሩ ሥር ቆመ።

"ቀደር ነው አወል፣ የአላህ ውሳኔ" አሉት ሐጂ። "አውፍ ብዬሃለሁ። ካሣም አልጠይቅህ፣ ቂምም አልይዝብህ።"

አወል አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ጠያቂዎቹ "ማሻአላህ" ተባባሉ። በተከታዩ ጁሙዓ ኢማሙ ኹጥባቸውን ስለ ይቅር ባይነት አደረጉና፣ ስም ሳይጠሩ፣ "በመካከላችን ያለ አንድ ታላቅ ሰው" ብለው የሐጂን ነገር በምሳሌነት አነሱት። ይቅር ያለው ማን እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። ይቅር የተባለው ማን እንደሆነም እንዲሁ። ከዚያን ቀን ወዲያ አወልን ለሥራ የጠራ ቤት የለም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለእኔም ሥራ ይቀልልኝ ነበር። ስለ ይቅርታ አንድ ሁለት ቃል ጨምሬ እሰናበታችሁ ነበር። ግን ገና ወለሉ አልተመረጠም።

ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ሰፈር ነስሩ የሚባል የወለል ነጋዴ አለ። ሐጂ ወደ እሱ ሄዱ።

"ለእርስዎ የሚሆነው ላሚኔት ነው ሐጂ" አላቸው። "ይሞቃል፣ አያንሸራትትም። እንጨት እኮ ነው።"

ሐጂ አንዱን ጣውላ አንስተው እንደ ልማዳቸው ወደ ብርሃን ወሰዱት። ከዚያ ገለበጡት። ጀርባው የተጨመቀ ሰጋቱራ ነው።

"እንጨቱ የታል?"

"እላዩ ላይ ያለው ነዋ።"

"ይኼማ ሥዕል ነው።"

"ፎቶ ነው ሐጂ። የእንጨት ፎቶ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ስለሆነ ማንም አልተታለለም።"

"እኔ አላወቅኩም ነበር።"

"ይኸው አሁን አወቁ።"

ሐጂ መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን መለየት አቃታቸው። ጉድለቱ ሥዕል ከሆነ፣ ሥዕሉንም ሁሉም ካወቀው፣ ጉድለት ነው ወይስ አይደለም? ደግሞም ፎቶ ላይ ግንባር ደፍቶ ሱጁድ ይደረጋል ወይ ብለው ተጨነቁ። ዛፍ ነፍስ ካላቸው ነገሮች ሥዕል አይቆጠርም የሚለው የዑለማዎች ቃል ትዝ ሲላቸው ልባቸው መለስ አለ። ነስሩ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ቀጭን አለ፣ ወፍራም አለ። የሚያብረቀርቅ አለ፣ የማያብረቀርቅ አለ፣ እጅ ሲያሳርፉበት የእንጨት ሻካራነት ያለው አለ። የዋንዛ መልክ፣ የጥድ መልክ፣ ስሙን ነስሩም በደንብ የማይጠራው የውጭ አገር ዛፍ መልክ አለ። ከሥሩ የሚነጠፍ ስፖንጅ አለ፣ ያ ካልገባ ጣውላው ሲረግጡት ይጮሃል። የግድግዳውን ግርጌ የሚከብ ዞኮሎ አለ። እግር የሚችልበት ደረጃም አለው፤ ለመኝታ ቤት የተሠራው ለሱቅ አይሆንም።

"ቤትዎ ስንት ሰው ይገባል?" አለ ነስሩ።

"አላህ የላከው ሁሉ።"

"እሱን የሚችል ደረጃ እንኳ ገና አልመጣልኝም" አለ ነስሩ እየሳቀ። "አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ወለሉን ውሃ ይነካዋል? ላሚኔት ሁሉን ይችላል፤ ውሃ ከተኛበት ግን ጠጥቶ ያብጣል።"

"አይነካውም" አሉ ሐጂ። "የምንታጠበው ከበረንዳው በኩል ነው። ቤት ውስጥ ውሃ አይገባም።"

ይህን ሲሉ አልዋሹም። የሚያውቁትን ነው የተናገሩት።

ነስሩ ናሙና ጣውላዎች ሰጣቸውና "ቤት ወስደው ይዩዋቸው" ብሎ ሸኛቸው። ያኔ ነው ከተማው በሙሉ ፍርድ ሰጪ ሙፍቲ የሆነው። ሐጂ የሚያማክር ሰው አይጸጸትም የሚል እምነት አላቸውና ያገኙትን ሁሉ አማከሩ። አንዱ "ሴራሚክ ያድርጉ" ይላል፤ ሌላው "ሴራሚክማ ሁለተኛውን ዳሌ ይጨርሳል" ይላል። አንዱ ጥቁሩ ቆሻሻ ይሸፍናል ሲል ሌላው ጥቁር ልብ ያጠባል ይላል። ዕርቅ ፈልገው የመጡ ባልና ሚስት የራሳቸውን ጠብ ረስተው በዋንዛና በጥድ መልክ ተጣሉ። ሐጂ አላህ እንዲመርጥላቸው ኢስቲኻራ ሰገዱ። ምንም አላዩም። ፈትያ ግን እናቴን በአረንጓዴ ወለል ላይ ስትሄድ በሕልሜ አየኋት አለች። ሐጂ ደስ ብሏቸው ነስሩ ዘንድ ቢሄዱ፣ አረንጓዴ የሚባል ላሚኔት በዓለም ላይ እንደሌለ ነገራቸው። ሕልሙን የሚፈታም፣ ወለሉን የሚመርጥም ጠፋ። እኔ ራሴ ይህን ስጽፍ እየደከመኝ ነው፤ እሳቸውማ እንዴት ሆነው ይሆን።

ሐጃ በበኩላቸው ስለ ወለሉ ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። እሳቸውም አልጠየቁም።

በመጨረሻ ሐጂ ናሙናዎቹን በመተላለፊያው ላይ ደርድረው ራሳቸው እየረገጡ ሊፈትኑ አሰቡ። የአስር ሰላት ደርሶ ነበር። ወደ በረንዳው ወጥተው በማንቆርቆሪያቸው ለሰላት ታጥበው ውዱእ አደረጉ፣ ተመልሰው በጣውላዎቹ ላይ አልፈው መስገጃቸው ላይ ቆሙ። ሰግደው ሲነሱ ጣውላዎቹ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ብሎ አዩ። በጥቁሩ ላሚኔት ላይ ነጠብጣቡ አንድ በአንድ ይታያል።

"ፈትያ፣ ማነው ውሃ ያፈሰሰው?"

ፈትያ የእናቷን ልብስ ልትወስድ መጥታ ጓዳ ነበረች። ብቅ ብላ ወለሉን አየች፣ ከዚያ የአባቷን እግር አየች፣ ከዚያ ሌላ ቦታ አየች።

"እኔ አይደለሁም አባ።"

ሐጂ ቀና ብለው ጣሪያውን ተመለከቱ። ዝናብ የለም። ወደ ጓዳው አዩ፣ ደረቅ ነው። ከዚያ ነጠብጣቡን መከተል ጀመሩ። ከበረንዳው በር ይነሳል፣ በመኝታ ቤቱ ደጃፍ ያልፋል፣ ሐጃ የወደቁበትን ቦታ አቋርጦ መስገጃቸው ዘንድ ይደርስና ያቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መንገር አለብኝ። ሐጂ ከተማሪ ቤት ጀምሮ ውዱእ ሲያደርጉ ገላቸውን አብሰው አያውቁም። የውዱእ ውሃ ሲንጠባጠብ ወንጀል አብሮት ይረግፋል የሚለውን ሐዲስ ከሸኻቸው ተምረዋል፣ ውሃውን ሳያብሱ መተው ይወደዳል የሚሉ ዑለማዎች እንዳሉም ያውቃሉ። ስለዚህ ክንዳቸውና እግራቸው እንደረጠበ ይገባሉ፣ በዚያም አጅር፣ የአላህን ምንዳ፣ ይጠብቃሉ። በግራጫው ሊሾ ላይ ያ ውሃ ዓይን አይገባም ነበር። አሁን ግን ለወለል ምርጫ የተዘረጋው ጣውላ ምስክር ሆነባቸው። ሐጂ እዚያው ቁጢጥ አሉና ነጠብጣቡን በጣታቸው ነኩት።

ያንኑ ዕለት ፈትያ ቤት ሄዱ። ሐጃ ትራስ ተደግፈው ተስቢህ ይቆጥራሉ።

"ሩቅያ፣ ያን ቀን ምን ላይ ነው የወደቅሽው?"

"ወለል ላይ ነዋ። ሰው ሌላ ምን ላይ ይወድቃል?"

"እርጥብ ነበር?"

ተስቢሁ ቆመ።

"ሐጂ፣ ወለሉን መርጠው ጨረሱ?"

"ጠየቅኩሽ እኮ።"

"ያ ውሃ ወንጀል ይዞ የሚረግፍ ውሃ ነው ሲሉኝ ነው የኖርኩት" አሉ ሐጃ ቀስ ብለው። "በእሱ ወደቅኩ ብዬ ለማን ልንገር? ለሐኪሙ? ለጎረቤት? የሐጂ ውዱእ ሚስታቸውን ሰበረ እንዲባል?"

"ለእኔ ትነግሪኝ ነበር።"

"ስንት ጊዜ 'መተላለፊያው ረጥቧል' አልኩዎት። 'በረካ ነው' ይሉኛል።"

ሐጂ ብዙ ሰው በፊታቸው ቁጭ ብሎ በገዛ ቃሉ ሲያዝ አይተዋል፤ በራሳቸው ላይ ሲደርስ ግን እንዴት እንደሚከብድ አያውቁም ነበር።

"ታዲያ ወለሉን ለምን ጥፋተኛ አደረግሽው?"

"ወለል ስም የለውማ" አሉ ሐጃ። "ስሙ የሚጠፋበት ሰው የለም ብዬ ነው።"

"አወል ስም አለው ሩቅያ።"

ሐጃ አወልን አላሰቡትም ነበር። በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ።

እንግዲህ ፈተናው እዚህ ጀመረ፤ ግራ መጋባቱም። ሐጂ ወደ ኢማሙ ሄደው ነገሩን አጫወቷቸው። ኢማሙ መጀመሪያ አላህ የሸፈነውን ወንጀል ሰው በራሱ ላይ አይገልጥም አሉ። ሐጂ "ወንጀሉ የቱ እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም፣ ሱና ስከተል ነው የሆነው" አሉ። ኢማሙ ታዲያ ውሃውን አለማበስ የወደዱት ዑለማዎች ችግር ከሌለ ነው ያሉት፣ ነቢዩም መጉዳትም መጎዳዳትም የለም ብለዋል አሉ። ከዚያ ደግሞ የራሳቸው ኹጥባ ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፣ ጢማቸውን ያሹ ጀመር።

"ግራ ገብቶኛል ሐጂ" አሉ በመጨረሻ። "አንድ ነገር ግን አይጠፋኝም። የሰው ሐቅ የተነካበት ነገር ሽፋን የለውም።"

ሐጂ ከዚያ ወጥተው አወል ዘንድ ሄዱ። አወል ሥራ ፈትቶ ደጁ ላይ ተቀምጦ መዳመጫ ብረቱን ይወለውል ነበር። ሁሉንም ነገሩትና "አውፍ በለኝ" አሉት።

አወል እንደ መሳቅ አለው፣ ፊቱ ግን አልሳቀም። "ሐጂ፣ ቢከሱኝ እኮ እከራከር ነበር። 'አላጠፋሁም' እል ነበር። ይቅር ሲሉኝ ነው አፌ የተዘጋው።"

"እውነትህን ነው።"

"ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ይቅር ያሉኝ በሰው ፊት ነው።"

ሐጂ ይህንንም እውነት ነው አሉ። በጁሙዓው ከሰላት በኋላ ተነስተው ቆሙ። መስጊዱ ጸጥ አለ።

"ወንድሞቼ፣ አወልን አውፍ ብዬዋለሁ ብዬ ነበር። አውፍ የሚባልበት ጥፋት አልነበረውም። ሩቅያን የጣላት የእኔ የእግር ውሃ ነው። አወል እኔን አውፍ ይበለኝ።"

ምን የሆነ ይመስላችኋል? ሽማግሌዎች አለቀሱ። ወጣቶች ግንባራቸውን ሊስሙ ተሻሙ። በደጁ ላይ ሰዉ እርስ በርሱ "ተዋዱዕ፣ ራስን ዝቅ ማድረግ ማለት ይህ ነው" ተባባለ። "የግንበኛውን ነውር በራሳቸው ላይ አደረጉት፣ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?" ሐጂ "የምሬን ነው፣ ውሃው የእኔ ነው" ቢሉ፣ "እርስዎማ እንዲህ ነው የሚሉት" እያሉ እጃቸውን ሳሙ። ዕድሜ ልካቸውን በሌላው ላይ የተናገሩት ሁሉ ታምኖላቸው ኖረ፤ በራሳቸው ላይ የተናገሩትን እውነት የሚያምናቸው ጠፋ።

አወል በማግስቱ መጣ። "አሁንስ ባሰብኝ ሐጂ" አለ። "እስከ ትናንት ይቅር የተባልኩ ነበርኩ፤ ዛሬ ሐጂን ያስዋሸ ሆኛለሁ።"

ሐጂ ናሙናዎቹን በጆንያ ጠቅልለው ሚስታቸው ዘንድ ሄዱ። ምን ማድረግ እንዳለባቸው አያውቁም፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ያልተማከረች አንዲት ሰው እንዳለች ግን ገብቷቸዋል። ጣውላዎቹን አልጋው ሥር ደረደሩና "ሩቅያ፣ የምትሄጂበት አንቺ ነሽ" አሏቸው።

ሐጃ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱ። አንዱን ረገጡ፣ ተዉት። ሌላውን ረገጡ። ሻካራው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይኼ።"

"መልኩን ወደድሽው?"

"መልኩን አላየሁትም። እግሬን ያዘው።"

ያ ሁሉ ምክር፣ ያ ሁሉ ኢስቲኻራና ሕልም፣ በዚህች ቃል አለቀ። ሐጂ ሳቅም ኀፍረትም ያዛቸው። ሐጃ ግን አልጨረሱም ነበር።

"ይህን ለመኝታ ቤቱና ለሳሎኑ ያስነጥፉ። መተላለፊያውን አይንኩት። አወል መጥቶ ሊሾውን ያድሰው።"

"ሩቅያ፣ የተሰበርሽበት ነው።"

"እኮ። እርስዎ ሲናገሩ አላመኑም፤ እኔ ስሄድበት ያምናሉ። የተሰበረችው እኔ ነኝ፣ በሚጥል ወለል ላይ ዳግም የምትሄድ ሴት የለችም።"

"ብትወድቂስ?"

"እግርዎን ካደረቁ አልወድቅም።"

ሐጂ ይህን ሲሰሙ ጣውላዎቹን መሰብሰብ ጀመሩ። አወልን ለማዳን ሚስታቸውን አደጋ ላይ የጣለ ሰው ይሆኑ እንዴ? ወይስ ሚስታቸውን ፈርተው አወልን ጉድጓድ ውስጥ ይተዉት? ሁለቱንም አመዛዝነው አንዱንም መምረጥ አቃታቸው። ወሳኙ እሳቸው እንዳልሆኑ የገባቸው ቆይቶ ነው። ሐጃ ወስነው ጨርሰዋል።

አወል መጣና አሮጌውን ሊሾ ቧጭሮ እንደገና ሠራው፣ እንደ ቀድሞውም አለሰለሰው። ሐጂ "ትንሽ ሻከር ይበል?" ሲሉት፣ "ሻካራ ካደረግኩት ጥፋቴን አመንኩ ማለት ነው" አላቸው። እሳቸውም ተዉት። ነስሩም ላሚኔቱን በሁለቱ ክፍሎች አነጠፈ፤ ዞኮሎውንም ዙሪያውን መታ።

ሐጃ የገቡ ዕለት ቤቱ ለዱዓ በመጡ ሰዎች ሞላ። ሁሉም የሚያየው መተላለፊያውን ነው። አወል በሩ ውጭ ቆሞ ነበር፤ አልገባ ብሎ። ሐጃ ደፉ ላይ ቆመው ወደ ባላቸው ዞሩ።

"እግርዎስ?"

"ደርቋል" አሉ ሐጂ። ፎጣው ትከሻቸው ላይ ነበር።

ሐጃ ምርኩዛቸውን አስቀድመው አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሌላ ሄዱ። የወደቁበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ሐጂ እጃቸውን ሊዘረጉ ብለው መልሰው ሰበሰቡት፤ ቢይዟቸው ሰዉ ያቆሟቸው እሳቸው እንጂ ወለሉ አይደለም ይላልና። ሐጃ ቢስሚላህ ብለው አለፉ። መኝታ ቤታቸው ደርሰው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ "ደከመኝ" ብቻ አሉ። ያኔ አንዲት ጎረቤት ወደ በሩ ወጣ ብላ፣ "አወል፣ የእኛንስ ቤት መቼ ትጀምርልናለህ?" ስትል ሐጂ ሰሟት። ፊታቸውን በፎጣው ሸፍነው አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ሐጂን ማማከር ያዘ፤ በወለል ጉዳይ የበሰሉ ናቸው ተብሎ። የትኛው ይሻላል ሲሏቸው አንድ መልስ ነበራቸው፦ "ወለል ከመቀየርህ በፊት እግርህን አድርቅ።" አጅሩስ፣ ነጠብጣቡስ ብሎ የጠየቃቸው ተማሪም ነበር። "አላህ ፎጣውንም ያያል" አሉት።

ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ እንደገባኝ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሐጃ ዝም ያሉት የባላቸውን ክብር ለመጠበቅ ነው፣ ያ መልካም ነው። ሐጂ ውሃውን ያልጠረጉት አጅር ፈልገው ነው፣ ያም መልካም ነው። አወልን ይቅር ማለታቸውስ ማን ክፉ ይለዋል? ሦስት መልካም ነገር ተደምሮ አንድ ሰው ሥራ ፈትቶ ደጁ ላይ እንዴት ተቀመጠ? ብዙ ኪታብ ገልጫለሁ፤ መልሱን እንዲህ ቁልጭ አድርጎ ያስቀመጠልኝ አላገኘሁም።

አንድ ነገር ግን ራሴን መጠየቅ ጀምሬያለሁ፣ እናንተንም ልጠይቃችሁ። በየረመዳኑ፣ በየዒዱ፣ በሰው ፊትም ሆነ በልባችን "አውፍ ብዬዋለሁ" የምንላቸው ሰዎች አሉን። ይቅር በማለታችንም ልባችን ይቀልለናል፣ ሰውም ያመሰግነናል። እስቲ ከእነሱ መካከል አንዱን ዛሬ እናስታውሰውና፣ ያጠፋው ነገር ምን እንደነበር ቁጭ ብለን እንፈልገው። ካጣነው፣ ሳይመሽ ደጁ እንሂድ።